ሰሙ እስኪላላ

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ልጄ ለምሳ መጥቶ ሚኒባሱን ግቢ ውስጥ ሲያቆም ቤንዚን ሸተተኝ። ድስት እያጠብኩ ነበር። እጄን እንኳ ሳልጠርግ ወጥቼ ከመኪናው ሥር ተንበረከክሁ። «እማዬ፣ ገና አሁን ቀድቼ ነው፤ እጄን ነክቶኝ ነው የሚሸትሽ» አለኝ እየሳቀ። እውነቱን ነው፣ መሬቱ ደረቅ ነበር። እኔ ግን ደረቅ መሬት አያሳምነኝም። መኪናውን ፊቱን ወደ ዳገቱ አዙረህ አቁምልኝና ልየው ብዬ ነዘነዝሁት። እሱም ደክሞት ነበር፣ እኔም ደክሞኝ ነበር። ለእኔ ብሎ አዞረው። አንድ ጠብታ አልነበረም። ምሳው በረደ።

ለምን እንዲህ እንደምሆን ለልጆቼ በደንብ ነግሬያቸው አላውቅም። ከአምስተኛ ክፍል አልፌ ስላልተማርሁ መጻፍ ላይ ዘገምተኛ ነኝ፤ ቢሆንም የእኔ ዕድሜ ሰዎች ነገሩን ሲያነቡት ያውቁታልና እንደሆነው ላስቀምጠው።

ያደግሁት ጎረቤላ ነው። አባቴ ደምሴ የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። የሚነዳው የሸራ ክዳን ያለው አረንጓዴ ጂፕ ነው። ቤት ሲገባ ከካፖርቱ ላይ ቤንዚን፣ እርጥብ ሸራና የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸት ነበር፤ ለእኔ የአባት ሽታ ማለት ያ ነው። ጂፑ በመንደሩ ሲያልፍ እኛ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ መጫወታችንን ትተን ከኋላው እንሮጥና አፍንጫችንን ከፍተን ያንን ሽታ እንስበዋለን። ዛሬ የራሴ ልጆች እንዲህ ሲያደርጉ ባይ ምን እንደምል አውቃለሁ። ያኔ ግን የሚከለክለን አልነበረም። ጉሙ ከቆላው ተነስቶ ገደሉን እየታከከ ሲወጣ ጂፑ ውስጡ ይጠፋና ድምፁ ብቻ ይቀራል፤ እኔም ድምፁን ሰምቼ አባዬ የትኛው ጥምዝ ላይ እንደደረሰ ለእናቴ እነግራት ነበር።

በዚያ ዘመን ቤንዚን የሚገኘው በኩፖን ነበር። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሄዶ የሳምንቱን ሞልቶ ይመጣል፣ ያም እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይበቃ ነበር። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ሐሙስ ሳይደርስ ማለቅ ጀመረ። መጀመሪያ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነው ተባለ። ጭቃው ደረቀ፣ ቤንዚኑ ግን ማለቁን አላቆመም።

የአባቴ አለቃ ጓድ በላቸው የሚባሉ ቀጭን፣ ሳል የማይለቃቸው ሰው ነበሩ። ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነው የሚሄዱት። አባቴን ቢሯቸው አስጠርተው «ደምሴ፣ መኪና ይህን ያህል አይጠጣም። ሌላ የሚጠጣለት ሰው አለ ማለት ነው» አሉት። አባቴ የሆነ ቦታ የሚያፈስ ይመስለኛል አላቸው። «እንግዲያው አሳየኝ» አሉት። ግቢው ሜዳ ነው። ጂፑ አድሮ ሲነሳ ከሥሩ ያለው አፈር እንደሌላው አፈር ደረቅ ነበር። አባቴ በየቀኑ ጠዋት ጆንያ አንጥፎ ከመኪናው ሥር ይተኛል፣ እያንዳንዱን ቱቦ በጣቱ ይዳስሳል፣ ጀርባው በውርጭ ረጥቦ ይነሳል። ምንም የለም። ይህን ነገር ሦስት ሳምንት አየነው።

በመጨረሻ ጓድ በላቸው እስከ ሰኞ ፍሳሹን ካላሳየኸኝ ቁልፉን አስረክበህ ደብረ ብርሃን ሄደህ መልስ ትሰጣለህ አሉት። መልስ ትሰጣለህ ማለት ምን እንደሆነ እኔ እንኳ በዘጠኝ ዓመቴ አውቅ ነበር። ባለፈው ዓመት የመጋዘን ጠባቂው ስለጎደለ ጆንያ መልስ ሊሰጥ ሄዶ እስከዚያ ቀን አልተመለሰም። ሚስቱ እሁድ እሁድ ስንቅ ይዛ የጭነት መኪና ስትለምን እናያታለን። አባቴም ነው ለምኖ እንድትሳፈር የሚያደርጋት።

ወሬው ከእኛ በፊት ውሃ መቅጃው ጋ ደርሷል። የደምሴ ቤንዚን አሊዩ አምባ ወርዶ ይሸጣል ተባለ። ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች እኔ ስመጣ «ክብሪት አርቁ፣ ብርቄ መጣች» ይላሉ። አንዷ አጠገቤ ትቀመጥ የነበረች ልጅ ቀሚሴን አሸተተችና «ውነትም ትሸታለች» ብላ ወደ ሌላ ወንበር ተዛወረች። ሽታውን እወደው እንደነበር ነግሬያችኋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ቀሚሴን እኔው ራሴ ደጋግሜ ማጠብ ጀመርሁ።

ቤንዚኑን ይገዛል የተባለው አቶ ሰይድ የሚባል የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነበር። ዓርብ ዕለት በቅሎውን እየጎተተ ደጃችን ድረስ መጣ። ሰውየው ተቆጥቶ ነው የመጣው፤ እናቴን ሲያይ ግን ቁጣው በረደ። «ወላሂ አስካለ፣ እኔ ሱቅ የቤንዚን ሽታ እንኳ ገብቶ አያውቅም። ፋኖሴም የሚበራው በላምባ ነው» አላት። እናቴ ደጃፉን ተደግፋ ቆማ «አውቃለሁ ሰይድ። ግን እኔ ማወቄ ለማን ይጠቅማል?» አለችው። በዚያ ሳምንት እናቴ ስትቆም ሁሉ የምትደገፈው ነገር ትፈልግ ነበር። አቶ ሰይድ ከኮርቻው ላይ ትንሽ ጨው አውርዶ ሰጣትና ሄደ።

ቅዳሜ ከቀትር በፊት የጂፑን ድምፅ ዳገታችን ላይ ሰማሁ። ከዚያ በፊት ቤታችን ድረስ መጥቶ አያውቅም፤ ጓድ በላቸው የመንግሥት መኪና ሾፌር ደጅ እንዳይታይ ከልክለው ነበር። ያን ዕለት የፈቀዱት ለአያቴ ብለው ነው። የአባቴ አባት ቄስ ናቸው። ዓይናቸውን ታመው ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ሰንብተው ነበርና አባቴ ቤንዚን ሊቀዳ በሄደበት ይዟቸው መጣ። ቤታችን ከጎረቤላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወጣው ዳገት ወገብ ላይ ነው፤ ዓይናቸው በፋሻ የታሰረ ሽማግሌ በእግራቸው አይወጡትም። «አባትህን አድርስና ወዲያው መልሰው» ነው የተባለው።

አባቴ ጂፑን ፊቱን ወደ ላይ እንዳደረገ አቁሞ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አስገባ። አያቴን ደግፈን አወረድናቸው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ጧፍ ታቅፈው ነበር፤ ለደብራቸው የገዙት ነው። ጥቅሉን እኔ ተቀብዬ ደጃፉ መደብ ላይ አስቀመጥሁትና የቀረውን ዕቃ ላወርድ በኋላ በኩል ስዞር ሽታው ፊቴን መታኝ። አብሮትም ድምፅ ነበረ። ጠብ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጠብ ይላል።

«አባዬ» ብዬ ወደ መኪናው ሥር አመለከትሁት።

አባቴ ጆንያም ሳያነጥፍ ገባ። የነዳጁ ታንክ ጀርባ ሁሉ ረጥቧል። ግን ከየት? ቤንዚን እንደ ውሃ አይደለም፤ ወዲያው ይሰራጫል፣ ወዲያው ይተናል፣ ከየት እንደመጣ ዱካ አይተውም። አባቴ በጨርቅ ይጠርገዋል፣ እንደገና ሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ ይረጥባል። እናቴ ጎንበስ ብላ ትንሽ አየችው። ከዚያ ወደ ቤት ገባችና አመድ በወንፊት ይዛ ወጣች።

እናቴ ማሰሮ ወይም እንስራ ስትገዛ ውሃ ትሞላና ዙሪያውን የደቀቀ አመድ ትነሰንስበታለች። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለ አመዱ ላይ ጥቁር ክር ሆኖ ይወጣል። በዚህ ገበያተኛዋን ሸክላ ሠሪ ብዙ ጊዜ አስቀይማለች። አባቴ ወንፊቱን ሲያይ ከመኪናው ሥር በክርኑ እየዳኸ ወጣና «ፍም ቢኖርበትስ?» አላት።

«የትናንት ነው።»

«የትናንትም ቢሆን።»

እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አመዱን በጣቶቿ መካከል አንድ በአንድ አሳለፈችው። ጨርሳ ደግማ አሳለፈችው። ከዚያ ራሷ ከመኪናው ሥር ገብታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ አባቴ የጠረገውን ታንክ አመድ አለበሰችው። ጠበቅን። ቤንዚን የሚቀዳበት ቱቦ ከታንኩ ጋር ከተበየደበት ቦታ፣ ከላይ በኩል፣ ከፀጉር ያልወፈረ ጥቁር መስመር ብቅ አለና እያየነው ወደ ታች ወረደ።

ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ የገባን። ታንኩ ሙሉ ሆኖ መኪናው ዳገት ሲወጣ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ይተኛና ስንጥቁ ጋ ይደርሳል። ሜዳ ላይ ሲቆም ስንጥቁ ከቤንዚኑ በላይ ይሆናል። አባቴ ለሦስት ሳምንት ሲፈልገው የነበረው ሜዳ ላይ ነው፤ ሲፈስ የኖረው ደግሞ በየዳገቱ፣ ማንም በማያይበት ነው። አባቴ ሳቀ ማለት አልችልም። ግን ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ፣ እናቴን ትከሻዋን ነካ አደረጋትና «ጓድ በላቸውን ልጥራ። ራሳቸው ይዩት» ብሎ ካፖርቱን ሳይለብስ ቁልቁል ሮጠ።

እናቴ ጣሳ ከጠብታው ሥር አስቀመጠችና ለሚመጣው እንግዳ የሚቀርብ ነገር ልታሰናዳ ገባች። አያቴ ውስጥ ጋደም ብለዋል። እኔ ከጣሳው አጠገብ ተቀመጥሁ።

እዚህ ላይ ሆኜ ሳስበው ያ ልጅነቴ ያሳዝነኛል። ጣሳው ውስጥ ጠብ ባለ ቁጥር አባቴ ራሱ ትንሽ ትንሽ እያለቀ መሰለኝ። ጓድ በላቸው እስኪደርሱ ስንት ጠብታ ይወርዳል? ጎደለ አይደል እንዴ የሚሉት? እኔ ቁጭ ብዬ ሳየው ሊጎድል ነው። ዓይኔ መደቡ ላይ ካለው ጧፍ ላይ አረፈ። አያቴ የማር እንስራ ሲሰነጠቅ በሰም ሲደፍኑት ስንቴ አይቻለሁ፤ የእርሳቸው ሰም የያዘው እንስራ አንጠባጥቦ አያውቅም።

አንድ ጧፍ መዘዝሁ። ሰም እንዲለሰልስ እሳት እንደሚያስፈልገው አውቅ ነበርና ወደ ምድጃው ሄድሁ። እናቴ እሳቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ገብስ ታምሳለች። «ምን ፈለግሽ?» አለችኝ። ምንም ብዬ ተመለስሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ የተመለስሁት የቤተ ክርስቲያን ጧፍ መንካቴን እንዳታይ ብቻ ነው። ውጭ ቆሜ ሰሙን ከፈትሉ ላይ በጥርሴ ላጥሁና እስኪለሰልስ አኘክሁት። ከዚያ በሆዴ ከመኪናው ሥር ገብቼ ስንጥቁ ላይ በአውራ ጣቴ አጥብቄ ለጠፍሁት። አመዱንና እርጥበቱን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁት። ጠብታው ቆመ። ጣሳውን እንዳይደፋ አንስቼ ደጃፉ ሥር አስቀመጥሁት። በሕይወቴ ያንን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

ጓድ በላቸው ዳገቱ አድክሟቸው፣ እያሳሉ ደረሱ። አባቴ ከፊት ከፊታቸው ነበር። «የታለ?» አሉት። አባቴ ጎንበስ አለና ሊያሳያቸው እጁን ሲዘረጋ ቀጥ አለ። ታንኩ ደረቅ ነው። ጣቱ ሰሙን አገኘው። ቀና ብሎ ዙሪያውን አየና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። እኔ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ጓድ በላቸው።

«ሰም ነው» አለ አባቴ።

«ሰም። ፍሳሽ አሳይዎታለሁ ብለህ ይሄን ዳገት አስወጥተህ ሰም ታሳየኛለህ?» ሳላቸው እስኪያቆም ጠበቁና ወደ ደጃፉ ዞሩ። «ያስ? ያ ጣሳ ምንድን ነው?»

«ከፍሳሹ የተቀበልነው ነው» አለች ከቤት የወጣችው እናቴ።

«ከፍሳሹ ነው ወይስ ከታንኩ?»

የሠራሁት ያኔ ገባኝ። ፈገግታዬ ፊቴ ላይ እንዳለ ቀረ፣ ማጥፋት እንኳ አልቻልሁም። «እኔ ነኝ የለጠፍሁት» አልሁ። ጓድ በላቸው አላዩኝም። «ልጅም ታስተምራላችሁ ደግሞ» አሉ፣ ሳይቆጡ፣ የደከመው ሰው በሚናገርበት ድምፅ። እውነት ተናግሬ ያልታመንሁበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

አባቴ ሰሙን በጥፍሩ ሊፍቅ እጁን ዘረጋ።

«አትንካ» አሉት። «በጥፍርህ ቀደህ ልታሳየኝ ነው? ሰው ነክቶት የሚፈስ ፍሳሽ እኔ አልቀበልም።»

አባቴ እጁን ሰበሰበ። ልጄ ናት ያደረገችው ብሎ አልማለም፣ አልለመነም። ጥቂት ካሰበ በኋላ «እንግዲያው ማንም አይንካው» አለ። «ሰም ቤንዚን አይችልም። ራሱ ይላላል። ከተቀመጡ ያዩታል።»

«ስንት ሰዓት?»

«አላውቅም ጓድ በላቸው።»

እናቴ በርጩማ አመጣች። ጓድ በላቸው በርጩማውን አዩት፣ መንገዱን አዩት፣ ተቀመጡ። ከመኪናው አንድ እርምጃ ርቆ አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጁን ማንም እንዲያየው ከፊቱ አድርጎ ነው። እኔ ከመደቡ ጥግ ተኮራመትሁ። ጉሙ ከቆላው ወጥቶ መጀመሪያ አጥሩን፣ ቀጥሎ መንገዱን ወሰደው። ከዓለም የቀረን እኛና ያ ጂፕ ብቻ ነን። እናቴ ትኩስ የገብስ ቆሎ አቀረበች። «አልፈልግም» አሉ ጓድ በላቸው። ቆይተው ግን አንድ እፍኝ አነሱ።

በዚህ መካከል አያቴ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጡ። አንደኛው ዓይናቸው በፋሻ ታስሯል፣ ሌላኛውም ብዙ አያይም። «ማነው ያለው?» አሉ።

«ጓድ በላቸው ናቸው አባ» አለቻቸው እናቴ።

«እንደምን ሰነበቱ። ምን ይጠብቃሉ በዚህ ብርድ?»

«ሰም እስኪላላ» አሉ ጓድ በላቸው።

«የምን ሰም?»

 አያቴ መደቡን በእጃቸው ዳብሰው ጥቅላቸው መፈታቱን አወቁ። «የእኔን ጧፍ ነው?» አሉ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃቸው «ማር ላይማ ዓመት ይይዛል» አሉ። ጓድ በላቸው ሳሉ ወይም ሳቁ፣ መለየት አልቻልሁም። ለእኔ ግን ዓመት ሲባል አባቴ የመጋዘን ጠባቂው ባለበት ቦታ ተቀምጦ፣ እናቴ እሁድ እሁድ መኪና ስትለምን ታየኝ።

ቆሎው አለቀ። ጓድ በላቸው ሰዓታቸውን አይተው ተነሱ።  በጉሙ ውስጥ ቁልቁል አዩና መልሰው ተቀመጡ። ሰሙ ግን ቅርፁን እየለወጠ ነበር፤ እኔ ከጥጌ ሆኜ አየዋለሁ። መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ጫፉ እንደ ለጋ ቅቤ ጎበጥ አለ። ለማንም አልተናገርሁም። ብናገርም አልታመንም።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሱ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። «ይበቃል ደምሴ። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ይዘህ ና» አሉ። አባቴ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ያንን የራስ ንቅነቃ እስከ ዛሬ ማየት አልወድም። ጓድ በላቸው መራመድ ሲጀምሩ እናቴ ሰሃኑን እንደያዘች «ትንሽ ይቆዩ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ከሰኞ በፊት እሁድ አለ። ትንሽ ቢቆዩ ምን ይጎድልብዎታል?»

ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። ለእናቴ ሊመልሱላት ዞር ሲሉ ሰሙ ተላቆ ድንጋዩ ላይ ወደቀ፤ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ከኋላው ግን ጠብታው ጠብ አለ። ዝም አለ። ደግሞ ጠብ አለ።

ጓድ በላቸው ተመለሱ። ካኪ ሱሪያቸው ጭቃ እንዳይነካው ሳይጠነቀቁ ተንበረከኩና ጣታቸውን ከጠብታው ሥር አድርገው አሸተቱት። ብዙ ቆዩ። አባቴ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ቀና ሳይሉ «የልብስ ሳሙና አላችሁ?» አሉ።

እናቴ የወሩ ሳሙናችን የሆነውን ግማሽ ቁራጭ አመጣች። ጓድ በላቸው ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ አቀበሉኝ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ሳሙናውን ስንጥቁ ላይ እንደ እርሳስ እየፈተጉ ሞሉት። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ሆነው ደሴ መንገድ ላይ ይሠሩ እንደነበር ያን ቀን ነው ያወቅነው። «ሳሙናን ቤንዚን አይበላውም» አሉኝ፣ ለእኔ ነው የነገሩኝ። «ሰምን ግን ይበላዋል። እወቂው።» ጠብታው ቆመ። እጃቸውን በጨርቁ እየጠረጉ አባቴን «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» አሉት።

«ነግሬዎት ነበር» አለ አባቴ።

ጓድ በላቸው ኮታቸውን ከእጄ ወስደው ለበሱ፣ አያቴን ተሰናበቱና በጉሙ ውስጥ ሄዱ። ሰኞ ጂፑ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ገባ፤ ታንኩን አውልቀው፣ ቤንዚኑን አንጠፍጥፈው፣ ውሃ ሞልተው በየዱት። ጓድ በላቸው ይቅርታ አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ ግን አባቴን ሲያገኙት ቀድመው ሰላም ይሉት ጀመር፤ በዚያ ጊዜ ከእርሳቸው ይህ ብዙ ነበር። ውሃ መቅጃው ጋ ያለው ወሬም ቀስ እያለ ሌላ ሰው አገኘ።

ያን ዕለት እንግዳው ከሄዱ በኋላ አባቴ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር። «እሳት ላይ አቅልጠሽው ነው?» አለኝ። አይደለም፣ ላቀልጠው ሄጄ ነበር፣ እማዬ ምድጃው ጋ ስለነበረች አፍሬ ተመለስሁ አልሁት።  ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በጓድ በላቸው ፊት ሰዓት ሙሉ ያልተንቀጠቀጠው እጅ ነው። ሁለቱን እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል አስገብቶ እስኪያቆም ጠበቀው።  እሁድን ሙሉ ተኝቶ ዋለ፤ እናቴ የሞተ እንዳይሆን እያለች ትንፋሹን ስታዳምጥ ነበር። እኔ ለምን እንደተንቀጠቀጠ የገባኝ ወልጄ፣ የመጀመሪያ ልጄን ክብሪት ይዞ ያገኘሁት ቀን ነው።

አባቴ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ቅዳሜ በኋላም ብዙ ዘመን ነድቷል፤ ግን በየዳገቱ አቁሞ፣ ወርዶ፣ ከሥር ሳያይ አያልፍም ነበር ይላሉ አብረውት የሄዱ። ተሳፋሪ ሲያማርርበት አይመልስም። ዛሬ ልጄ የሚሄድበት ጋራዥ መኪናውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ሰው ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ የታመመውን ቦታ ይነግሩታል። ጥሩ ነው። የመኪናን ሕመም ለማወቅ ሰው ከሥሩ መተኛት የለበትም፣ በሰውየውም ላይ አይፈረድም። ዳገቱም አስፋልት ሆኗል። ጉሙ ብቻ እንደዚያው ነው።

ግን ደግሞ ሁሉ ሰው ይቸኩላል። ልጄ ቆሞ ይበላል፣ ሴት ልጄ ስልኳን እያየች ትሰናበተኛለች፣ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ ልሂድ ይላል። ያኔስ የማይቸኩል ሰው ነበረ? ጓድ በላቸውም ሁለት ጊዜ ተነስተዋል። አንዳንድ ቀን ሥራዬን ትቼ ቁጭ ስል እቆጥራቸዋለሁ። ሁለት እርምጃ ነው የሄዱት። አራት ወይም አምስት ሄደው ቢሆን በጉሙ ውስጥ ያችን ጠብታ አይሰሟትም ነበር፣ አባቴም ሰኞ ቁልፉን ይዞ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ሰው ከቤቴ ሊወጣ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። ትንሽ ቆዩ እላለሁ። ልጆቼ እማዬ፣ ሰው እኮ ሥራ አለው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን እንግዳው ጫማውን እያሰረ እያለም አንድ ነገር አላጣም፤ ውሃ ልስጥዎት፣ ዝናቡ ያባራ፣ ትንሽ ይቆዩ።